ያገለገለ የሞተር ዘይት ምርመራ የተሻለውን ዘይት ይለይልናል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ከቤት መኪና ሞተር የወጣን ያገለገለ ዘይት በላቦራቶሪ አስመርምሮ የዘይት ዓይነቶችን እርስ በርስ ማወዳደር ይቻላል ወይ የሚል ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የጉዳዩን ዋና ነጥብ የያዘ በመሆኑ በስፋት መልሰነዋል፤ የቀሩትን እንደየይዘታቸው አስተናግደናል።

ጥያቄ፦ ለቤተሰቤ መገልገያ የሆነች፣ ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር አውቶሞቢል አለችኝ። የመኪናዋ መመሪያ 5ደብሊው-30 የተባለ የውፍረት ደረጃ ያለው ዘይት እንድጠቀም ያዛል። ለብዙ ጊዜ የተጠቀምኩበትን ውድ ሲንተቲክ ዘይት በ8,000 ኪሎሜትር ስቀይር ናሙና ወስጄ አስመረመርኩ፤ ውጤቱም ብረት 14፣ አሉሚኒየም 3፣ መዳብ 4 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) የሚል ነበር። ቀጥዬ በዋጋ ቀለል ያለ፣ ነገር ግን መመሪያው የሚጠይቀውን ደረጃ የሚያሟላ ሌላ ዘይት ሞላሁና በ11,000 ኪሎሜትር ሳስመረምር ብረቱ 21፣ አሉሚኒየሙ 4፣ መዳቡ 5 ሆኖ መጣ። ብረቱ በግማሽ ጨምሯል ማለት ነው። ሁለተኛው ዘይት ሞተሬን እየበላው ይሆን? ወደ ቀድሞው ልመለስ?

መልስ፦ ውጤቶቹን ከነኪሎሜትራቸው ስለላኩልን እናመሰግናለን፤ ኪሎሜትሩ ባይጻፍ ኖሮ ከቁጥሮቹ ምንም መረዳት ባልተቻለ ነበር። ለጥያቄዎ በቀጥታ ለመመለስ፣ ከእነዚህ ሁለት ወረቀቶች በመነሣት ሁለተኛው ዘይት ሞተርዎን እየጎዳው ነው ማለት አይቻልም። የመጀመሪያው ይበልጥ ይጠብቀው ነበር ማለትም እንደዚሁ አይቻልም።

ከሞተሩ አካላት የሚፋቀው ብረት በዘይቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ፣ ዘይቱ ብዙ በተጓዘ ቁጥር ቁጥሩም ያድጋል። ስለዚህ ሁለት ውጤቶችን ጎን ለጎን ከማስቀመጥ በፊት እያንዳንዱን ለተጓዘው ርቀት ማካፈል ያስፈልጋል። ይህን ስናደርግ የመጀመሪያው ዘይት በየ1,000 ኪሎሜትሩ 1.75 ፒፒኤም ብረት፣ ሁለተኛው ደግሞ 1.9 ፒፒኤም ገደማ ሰብስቦ እናገኘዋለን። በደብዳቤዎ በግማሽ ጨምሯል ያሉት ልዩነት በዚህ ስሌት ከአንድ ዐሥረኛ በታች ይወርዳል። አሉሚኒየሙና መዳቡማ በርቀት ሲሰሉ በሁለተኛው ዘይት ጥቂት ዝቅ ብለው ይታያሉ። በዚህ መጠን ላይ ያለ ልዩነት አንድን ጠርሙስ ለሁለት ከፍለን ለሁለት ላቦራቶሪዎች ብንልክ እንኳ ሊከሠት የሚችል ነው፤ መሣሪያዎቹ ትክክለኛ ቢሆኑም በጥቂት ፒፒኤም መለያየታቸው የታወቀና የሚጠበቅ ነው።

ማካፈሉም ቢሆን የራሱ ጉድለት አለው። ዘይት ሲቀየር ያረጀው ዘይት ተሟጦ አይወጣም፤ በዘይት መተላለፊያዎች፣ በቴስታታውና በማቀዝቀዣው ውስጥ የሚቀረው ከነብረቱ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ምክንያት አዲሱ ዘይት ገና ከመጀመሪያው ኪሎሜትር ጀምሮ ንጹሕ ዜሮ ላይ አይደለም። በ2,000 ኪሎሜትር ላይ ተወስዶ የተመረመረ ናሙና፣ በ10,000 ኪሎሜትር ላይ ከተወሰደው ጋር ሲነጻጸር፣ በየኪሎሜትሩ ብዙ ብረት የሰበሰበ የሚመስለውም በዚህ ነው። ከዚህ የተነሣ ዘይታቸውን ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩ ሰዎች ውጤታቸውን አይተው ያለ ምክንያት ሲደናገጡ ይታያል።

ፒፒኤም የሚለውን ነገር በክብደት አስበው እንዲያዩት እንመክርዎታለን። አንድ ፒፒኤም ማለት በአንድ ኪሎግራም ዘይት ውስጥ አንድ ሚሊግራም ነው። የሞተርዎ ኮፓ 4 ሊትር ይይዛል ብንል፣ ዘይቱ 3.4 ኪሎግራም ገደማ ይመዝናል። በመጀመሪያው ጊዜ በዘይቱ ውስጥ የተገኘው ብረት በጠቅላላው 48 ሚሊግራም ያህል፣ በሁለተኛው ጊዜ 71 ሚሊግራም ያህል ነበር። ያሳሰበዎት ልዩነት እንግዲህ ከ24 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ያውም 3,000 ኪሎሜትር ተጨማሪ ጉዞ ተደርጎ። ይህ ብረት ከሲሊንደር ግድግዳ፣ ከኮሎ (ከክራንክ ዘንግ)፣ ከካም ዘንግ፣ ከታይሚንግ ሰንሰለት፣ ከዘይት ፓምፕ ጥርሶች፣ አልፎ አልፎም ከተራ ዝገት ሊመጣ ይችላል። ወረቀቱ ጠቅላላ ድምሩን እንጂ ብረቱ ከየትኛው አካል እንደወጣ አይናገርም። ከሰንሰለት የወጣ 20 ሚሊግራም ብረትና ከአንዲት የካም ጫፍ የወጣ 20 ሚሊግራም ብረት ለሞተሩ ፈጽሞ አንድ አይደሉም፤ በወረቀቱ ላይ ግን አንድ ቁጥር ናቸው።

ከዚህም ሌላ፣ ብረታ ብረቱን የሚለካው መሣሪያ ዘይቱን እጅግ በጋለ ነበልባል ውስጥ አሳልፎ ከሚፈነጥቀው ብርሃን የየንጥረ ነገሩን መጠን የሚያነብ ሲሆን፣ በትክክል የሚቆጥረው በዘይቱ ውስጥ የሟሟውንና መጠኑ ከ5 እስከ 8 ማይክሮን የማይበልጠውን ብናኝ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ስብርባሪ በነበልባሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይተን ያልፋል ወይም ቀድሞውኑ በፊልትሮው ተይዞ ይቀራል። ዝግ ያለና የተለመደ መፋቅ በምርመራው ጎልቶ ሲታይ፣ ከብሮንዚን (ዘንጎቹ ከሚሽከረከሩበት ማረፊያ) ላይ በቅርፊት መልክ የሚነሣ አደገኛ ስብርባሪ ሳይታይ ሊያልፍ የሚችለው ለዚህ ነው። ስለ ሞተሩ ከልብ የሚጨነቅ ሰው ያገለገለውን ፊልትሮ አስቆርጦ በውስጡ ያለውን ወረቀት በብርሃንና በማግኔት ቢያስፈትሽ፣ ከአንድ ተጨማሪ የላቦራቶሪ ወረቀት የበለጠ ሊያውቅ ይችላል።

ይህ ዘዴ ለምን ዓላማ እንደተፈጠረ ማስታወስም ይጠቅማል። ያገለገለ ዘይትን በብርሃን መተንተኛ መሣሪያ መመርመር በስፋት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ የዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ ዌስተርን የባቡር ኩባንያ ነው። የባቡር መሐንዲሶቹ የፈለጉት የዘይት ነጋዴዎችን ማወዳደር ሳይሆን፣ ከብዙ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መካከል የትኛው ሊበላሽ እንደተቃረበ ሞተሩን ሳይፈቱ ማወቅ ነበር። አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ዘይትና አንድ ዓይነት ሥራ ስለነበራቸው፣ የአንዱ ሎኮሞቲቭ ቁጥር በድንገት ከሌሎቹ ከተለየ ለልዩነቱ ምክንያት የሚሆነው ሞተሩ ብቻ ነበር። እኛ በቤት መኪና ላይ የምናደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘይቱን እንቀይራለን፣ ርቀቱም ይቀየራል፣ ወቅቱና የጉዞው ዓይነትም ይቀየራል፤ ከዚያ ቁጥሩ የተለወጠው በዘይቱ ምክንያት ነው እንላለን።

ቁጥሩን ከሚለውጡት ነገሮች አንዱ በመካከል የሚጨመር ዘይት ነው። 4 ሊትር የሚይዝ ሞተር በመካከሉ አንድ ሊትር ቢያቃጥልና በአዲስ ዘይት ቢሞላለት፣ የተጠራቀመው ብረት ከፊሉ ከተቃጠለው ዘይት ጋር ይወጣል፤ የቀረው ደግሞ በአዲሱ ዘይት ይሳሳል። በዚህ ሁኔታ ዘይት የሚያቃጥለው የተዳከመ ሞተር ከጤነኛው ይልቅ ንጹሕ መስሎ ይታያል። የጠዋት ማስነሣት ብዛትም እንደዚሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቅዝቃዜ የሚነሣና ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር በረጅም ጉዞ ከሚሠራ ተመሳሳይ ሞተር የበለጠ ብረት ያሳያል። የዘይት ዓይነት በተቀየረ ማግሥትም፣ የአዲሱ ዘይት አጣቢ ቅመሞች ቀደም ሲል የተጋገረውን ቆሻሻ ሲያነሡና በብረቱ ገጽ ላይ የነበረው መከላከያ ሽፋን በሌላ ሲተካ፣ ብረትና መዳብ ለአንድ ዙር ከፍ ሊሉ ይችላሉ። ይህ በሚቀጥለው ዙር ብዙውን ጊዜ ይወርዳል።

እውነተኛ ንጽጽር ማድረግ ከፈለጉ ትዕግሥት ያስፈልግዎታል። አንዱን ዘይት በተከታታይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሙሉ፤ የመጀመሪያውን ዙር እንደ ማለቅለቂያ ቆጥረው ውጤቱን ከንጽጽሩ ያውጡት። ከዚያ ሌላውን በተመሳሳይ መንገድ ይጠቀሙ፤ በመጨረሻም ወደ መጀመሪያው ይመለሱና ቁጥሩ አብሮ ይመለስ እንደሆነ ይዩ። በሁሉም ዙር ርቀቱ፣ የጉዞው ዓይነትና ላቦራቶሪው አንድ ይሁን፤ የጨመሩትንም ዘይት መጠን ይጻፉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ በየ1,000 ኪሎሜትሩ አንድ ፒፒኤም የማይሞላ ልዩነት ከታየ እኛ የምንሰጠው ፍርድ ሁለቱ ዘይቶች ለእርስዎ ሞተር እኩል ናቸው የሚል ነው።

ዘይቶችን በመልበስ መከላከል ረገድ የሚለየው ፈተና ከዚህ የተለየ ነው። በአሜሪካ የፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ በአውሮፓ የመኪና አምራቾች ማኅበርና በየአምራቹ የሚጠየቁት ፈተናዎች የሚካሄዱት በተወሰነ ሞተር ላይ፣ በተወሰነ ሙቀትና ጫና፣ ለተወሰነ ሰዓት ነው። ለምሳሌ የካምን መልበስ የሚለካው ሲኩዌንስ አራት-ቢ የተባለው ፈተና ባለ 1.5 ሊትር የቶዮታ ሞተርን ለ200 ሰዓት ያሠራል፤ ከዚያ ሞተሩ ይፈታና የለበሱት አካላት ራሳቸው በቀጥታ ይለካሉ። በዘይት ጣሳው ጀርባ ላይ የሚገኘው የደረጃ ምልክት እውነተኛ ከሆነ፣ ከጀርባው እንዲህ ያለ ሥራ አለ። ስለዚህ ሁለተኛው ዘይትዎ መመሪያው የሚጠይቀውን ደረጃ በትክክል የሚያሟላ ከሆነ ያለ ስጋት ይቀጥሉበት። ሊያሳስብዎት የሚገባው በየ1,000 ኪሎሜትሩ የሚሰላው ብረት ከራስዎ ሞተር ልማድ በእጥፍና ከዚያ በላይ ሲዘል፣ ወይም ተዛማጅ የሆኑ ብረታ ብረቶች አብረው ሲያድጉ ነው። እርሳስ፣ ቆርቆሮና መዳብ በአንድነት ከጨመሩ ብሮንዚኖቹ ይጠረጠራሉ፤ ብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም አብረው ከጨመሩ ደግሞ ሲሊንደር፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ፒስተን ይመረመራሉ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ አዲስ ናት፤ 6,000 ኪሎሜትር ብቻ ተጉዛለች። የመጀመሪያው የዘይት ምርመራ ሲሊከን 38 ፒፒኤም አሳየ። መካኒኬ አቧራ እየገባ ነውና ዘይቱንም የአየር ፊልትሮውንም ወደ ሌላ ዓይነት ቀይር አለኝ። ትክክል ነው?

መልስ፦ አቧራ በአብዛኛው የሲሊከን ውሕድ ስለሆነ የመካኒክዎ ጥርጣሬ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ሲሊከን ሌሎች ምንጮችም አሉት። በአዲስ ሞተር ውስጥ የኮፓና የቫልቭ ክዳን መጋጠሚያዎች የሚታሸጉበት የሲሊኮን ማጣበቂያ በመጀመሪያዎቹ የዘይት ዙሮች ሲሊከን ወደ ዘይቱ ይለቃል፤ ይህ ሲሊከን ለስላሳ ውሕድ እንጂ እንደ አቧራ የሚፍቅ ቅንጣት ባለመሆኑ ሞተሩን አይጎዳም። በዘይቱ ውስጥ አረፋ እንዳይፈጠር የሚጨመረው ቅመምም ጥቂት ሲሊከን አለው።

የአቧራውንና የማጣበቂያውን ሲሊከን የምንለየው በአጃቢዎቻቸው ነው። አቧራ ሲገባ ከሲሊከኑ ጋር በአፈር ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይመጣል፤ አቧራው ፋሻዎቹንና የሲሊንደሩን ግድግዳ ስለሚፍቅ ብረትና ክሮሚየም አብረው ከፍ ይላሉ። ሲሊከን ብቻውን ከፍ ብሎ ሌሎቹ ለአዲስ ሞተር በሚጠበቀው ልክ ከሆኑ ምንጩ ማጣበቂያው መሆኑ ይበልጥ ያሳምናል። በአዲስ ሞተር ብረትና መዳብም አካላቱ እስኪላመዱ ድረስ ከፍ እንደሚሉ መዘንጋት የለበትም። በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዙሮች ሲሊከኑ እየወረደ ከሄደ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ካልወረደ ግን የአየር ፊልትሮውን ዓይነት ከመቀየር በፊት የፊልትሮው ቤት በትክክል መዘጋቱን፣ ከእሱ እስከ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ አለመሰንጠቁንና ማሰሪያዎቹ አለመላላታቸውን ያስፈትሹ። ብዙ ጊዜ አቧራ የሚገባው በፊልትሮው ወረቀት ሳይሆን በጎኑ ነው። ዘይቱ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም ጥፋት የለበትም።

ጥያቄ፦ ቀጥታ ወደ ሲሊንደር ቤንዚን የሚረጭ ባለ ቱርቦ ሞተር ያላት መኪና ለልጆች ማመላለሻና ለአጭር ርቀት ጉዞ እንጠቀማለን። የዘይቱ ውፍረት አዲስ ሳለ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ 10.6 ሴንቲስቶክ የነበረው በ7,000 ኪሎሜትር 8.4 ሆነ። ዘይቱ ጥራት የሌለው በመሆኑ ነው ተባልኩ። ሌላ ልሞክር?

መልስ፦ ይህ ቁጥር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዓለም አቀፉ የውፍረት ምደባ መሠረት 30 የሚል ቁጥር ያለው ዘይት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ውፍረቱ ከ9.3 ሴንቲስቶክ ማነስ፣ 12.5 መድረስም የለበትም። አዲስ ሳለ በ10.6 በዚህ ክልል ውስጥ የነበረው የእርስዎ ዘይት ከዚህ ወርዶ ቀጠን ወዳለው የ20 ክልል ገብቷል። ምክንያቱን ሳያውቁ ዘይቱን መወንጀል ግን ቸኩሎ መፍረድ ይሆናል።

ዘይት በሁለት ዋና መንገዶች ይቀጥናል። አንደኛው ውፍረቱን በሙቀት ጊዜ ጠብቆ እንዲያቆይ የሚጨመሩት ረጃጅም ሞለኪውሎች በሰንሰለቱ፣ በፓምፑና በካሞቹ መካከል ሲደቆሱ መቆራረጣቸው ነው። ይህ የዘይቱ ባሕርይ ስለሆነ በዚህ ረገድ ዘይቶችን ማወዳደር ተገቢ ነው። ሁለተኛው ነዳጅ ወደ ዘይቱ መግባቱ ነው። በእርስዎ ሁኔታ እኛ አስቀድመን የምንጠረጥረው ይህንን ነው፤ ቀጥታ በሚረጭ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ በከፊል በሲሊንደሩ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ያርፍና በፋሻዎቹ በኩል ወደ ኮፓ ይወርዳል፤ ጉዞው አጭር ሲሆን ደግሞ ዘይቱ ቤንዚኑን አትንኖ ለማስወጣት የሚበቃ ሙቀትና ጊዜ አያገኝም። በዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከታየ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ላቦራቶሪው የነዳጁን መጠን በምን ዘዴ እንደለካ ይጠይቁ። ጋዝ ክሮማቶግራፊ በተባለው ዘዴ የተለካ ውጤት አስተማማኝ ነው። ዘይቱ ሲሞቅ የሚያወጣው ትነት በእሳት የሚያያዝበትን ሙቀት በመለካት ብቻ የተገመተ ከሆነ ግን የነዳጁ መጠን ከእውነተኛው አንሶ ሊቀርብ ይችላል። ነዳጅ መግባቱ ከተረጋገጠ ዘይት በመቀየር አይድንም። የሚረዳው በየጊዜው ሞተሩን ሙሉ በሙሉ የሚያሞቅ ረዘም ያለ ጉዞ ማድረግ፣ የዘይት መቀየሪያውን ርቀት ማሳጠር፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ ሞተሩን እንዳያቀዘቅዘው ማረጋገጥና ኢንጀክተሮቹ እንዳያንጠባጥቡ ማስፈተሽ ነው። በራስዎ ውሳኔ ወፍራም ዘይት ከመሙላትዎ በፊት መመሪያው ሌላ ውፍረት ይፈቅድ እንደሆነ ይመልከቱ። ይህን ሁሉ አድርገው ነዳጁ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ውፍረቱ ደግሞ አሁንም በዚህ መጠን ከወረደ፣ ያን ጊዜ ሌላ ዘይት መሞከርዎ ምክንያታዊ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሁለት ያልተከፈቱ ዘይቶችን አስመረመርኩ። አንደኛው ዚንክና ካልሲየም በብዛት አለው፤ ሁለተኛው በሁለቱም ያንሳል፣ ነገር ግን ማግኒዚየምና ሞሊብዲነም አለው። ቅመም የበዛበት የመጀመሪያው የተሻለ ነው ብዬ ልውሰድ?

መልስ፦ አይውሰዱ። ዚንክና ፎስፈረስ የሚመጡት ብረትን ከመልበስ ከሚከላከል አንድ ውሕድ ሲሆን፣ ፎስፈረሱ ከጭስ ጋር ወጥቶ የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስት ስለሚመርዝ መጠኑ ሆን ተብሎ ተገድቧል። ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች በሚሠሩት እንደ 5ደብሊው-30 ባሉት ዘይቶች ደረጃ ፎስፈረስ ከ600 እስከ 800 ፒፒኤም ብቻ ይፈቀዳል። ከዚህ የበለጠ ያለው ዘይት ለሌላ ዓይነት ሞተር የተሠራ ሊሆን ይችላል እንጂ በዚያ ምክንያት የሚበልጥ አይደለም። ካልሲየምም እንደዚሁ ነው፤ በቱርቦና ቀጥታ በሚረጩ ሞተሮች ውስጥ ካልሲየም የበዛበት ዘይት ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዲቀጣጠል ሊያግዝ እንደሚችል ስለታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለውን ኤስፒ የተባለ ደረጃ ከሚያሟሉ ዘይቶች ብዙዎቹ የካልሲየሙን ከፊል በማግኒዚየም ተክተዋል። እርስዎ እንደ ጉድለት ያዩት የሁለተኛው ዘይት ባሕርይ ለዘመናዊ ሞተር የታሰበ መሻሻል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ምርመራ የሚቆጥረው ንጥረ ነገሮችን እንጂ ሞለኪውሎችን አይደለም። የዘይቱ አብላጫ ክፍል የሆነው መነሻ ዘይት በዚህ ቆጠራ ውስጥ ጭራሽ አይታይም። ዘይቱ በሙቀት እንዳይበላሽ የሚከላከሉት ቅመሞች፣ ቆሻሻውን በትኖ የሚይዘው ቅመምና ሰበቃን ከሚቀንሱት ቅመሞች ብዙዎቹ ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂን፣ ከኦክስጅንና ከናይትሮጂን የተሠሩ በመሆናቸው በወረቀቱ ላይ አይገኙም። ያልተከፈተ ዘይት ምርመራ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ያገለገለው ዘይት ሲመረመር ምን ከዘይቱ፣ ምን ከሞተሩ እንደመጣ ለመለየት መነሻ ይሆናል። ለምሳሌ ሶዲየም ወይም ፖታሲየም ሲጨምር የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወደ ዘይቱ መግባቱን ያስጠረጥራል፤ ሆኖም ሶዲየም በአንዳንድ ዘይቶች ውስጥ እንደ ቅመም ስላለ፣ የአዲሱን ዘይት ቁጥር የማያውቅ ሰው ባልነበረ ብልሽት ቴስታታ ሊያስወርድ ይችላል።

ጥያቄ፦ የአንዱ ዘይት ቲቢኤን አዲስ ሳለ 10.2፣ ከ10,000 ኪሎሜትር በኋላ 5.1 ሆነ። የሌላው 7.4 የነበረው በዚያው ርቀት 5.0 ሆነ። የትኛው ይሻላል? የመቀየሪያ ርቀቱንስ ማራዘም እችላለሁ?

መልስ፦ ቲቢኤን ማለት ዘይቱ በቃጠሎ የሚፈጠረውን አሲድ ለማምከን የያዘው አቅም ነው። አንዱ ከ10.2 ግማሹን ሲያጣ ሌላው ከ7.4 ሢሶ ያህሉን ብቻ ቢያጣም፣ ሁለቱም በአንድ ርቀት ላይ የደረሱበት ቦታ አንድ ነው። ከፍ ብሎ መጀመር ብቻውን ብልጫ እንዳልሆነ የእርስዎ ቁጥሮች በግልጽ ያሳያሉ። የጭስ ማጣሪያን ከአመድ ለመጠበቅ የሚሠሩ ዘይቶች በባሕርያቸው ዝቅ ካለ ቲቢኤን ይጀምራሉ። አራቱም ቁጥሮች በአንድ ዘዴ መለካታቸውን ግን ያረጋግጡ፤ በፐርክሎሪክ አሲድ የሚለካው ዘዴ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሚለካው ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ አዲሱን በአንደኛው፣ ያገለገለውን በሌላኛው መለካት ያልደረሰ ውድቀት የደረሰ ያስመስላል።

ርቀቱን ስለ ማራዘም፣ ቲቢኤን ብቻውን ፈቃድ አይሰጥም። ከእሱ ጋር የአሲዱ መጠን፣ የኦክሳይድ መጠኑ (ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የተበላሸበት መጠን) እና ውፍረቱ መታየት አለባቸው። አሲዱ አድጎ ከቲቢኤኑ ጋር ከተገናኘ ብዙ ባለሙያዎች ዘይቱ ጊዜውን ጨርሷል ይላሉ። አምራቹ ከወሰነው ርቀት ማለፍን በአንድ ጥሩ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ መወሰን ግን አንደግፍም፤ በተለይ መኪናው በዋስትና ላይ ካለ። ምርመራው ርቀቱን ለማሳጠር ሲመክርዎት ግን ያለ ማመንታት ይቀበሉት።

ጥያቄ፦ ናሙናውን ራሴ መውሰድ እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሞተሩን በጉዞ ያሙቁትና ዘይቱ ሳይረጋ ይውሰዱ። ዘይቱ በጣም ስለሚያቃጥል የእጅ ጓንት ያድርጉ። የማፍሰሻ ቡሎኑ ሲፈታ መጀመሪያ የሚወጣው ከኮፓው ግርጌ የተቀመጠውን ዝቃጭና በቡሎኑ ዙሪያ ያለውን አቧራ ይዞ ስለሚመጣ እሱን ያሳልፉ፤ መካከል ላይ ጠርሙሱን ከሥር አድርገው ይሙሉ፣ መጨረሻ የሚንጠባጠበውንም አይቀበሉ። ጠርሙሱ ከላቦራቶሪው የተላከ፣ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ የውሃ ወይም የምግብ መያዣ የነበረ ዕቃ ሶዲየምና ሌላም ነገር ሊጨምር ይችላል። ከጠርሙሱ ጋር የዘይቱን ስምና ውፍረት፣ ዘይቱ የተጓዘውን ርቀት፣ ሞተሩ በጠቅላላው የተጓዘውን ርቀትና በመካከል የጨመሩትን ዘይት መጠን ጽፈው ይላኩ። ዘይቱን በቀየሩበት ቀን የአየር ፊልትሮ፣ ኢንጀክተር ወይም የራዲያተር ፈሳሽ ተነክቶ ከነበረም ይህንኑ ይግለጹ፤ ከሳምንታት በኋላ አንድ ቁጥር ያለ ልማዱ ከፍ ብሎ ሲመጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ነው።